ሱፐር ግሉውን አስቀምጡት፦ በቴሪየር ቡችላ ጆሮ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ወጣት የብስኩት ካርቶን ታቅፎ ቆሟል። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ወር ተኩል የሞላው ፎክስ ቴሪየር ቡችላ አለ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ዕቃ በሚታሸግበት ቡናማ ፕላስተር ተጠቅልለው እንደ ጧፍ ቀጥ ብለዋል። «ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰርኩት። ስፈታው ግን ተመልሶ ይወድቃል» አለኝ።

ፎክስ ቴሪየር እኮ ነው! ጆሮው መውደቅ አለበት።

ደሴ ላይ ውሻ ማሳደግ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት አለፈኝ። እዚህ ቴሪየር ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ወይ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይልካል፣ ወይ ከውጭ የተመለሰ ሰው ይዞ ይመጣል። ያለው ሰው ሁሉ ግን አንድ ቀን በጆሮ ጉዳይ እኔ ጋ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ደግሞ አበላሽቶ ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ከሁሉ በፊት፣ የውሻችሁ ጆሮ ምን መምሰል እንዳለበት ሳታውቁ አትንኩት። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። እኛ አገር «የፈረንጅ ውሻ» ከተባለ ጆሮው የቆመ መሆን አለበት ተብሎ ተይዟል። ጀርመን ሸፐርድ እያየን ስላደግን ይመስለኛል። ቴሪየር ግን ብዙ ዘር ነው። የዮርክሻየር፣ የኬርንና የዌስት ሃይላንድ ጆሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የፎክስ ቴሪየር፣ የኤርዴል፣ የዌልሽ፣ የአይሪሽና የሌክላንድ ጆሮ ደግሞ ከሥሩ ይነሳና ወደ ፊት ይታጠፋል። የጃክ ራስልም ወደ ፊት የሚወድቅ ነው። የፖስታ ክዳን አስቡ፤ ልክ እንደዚያ። ጫፉ ወደ ዓይኑ የውጭ ጥግ ያመለክታል። ቴሪየር የሚለው ስም መነሻው በላቲን «መሬት» የሚለው ቃል ነው፤ ቀበሮና አይጥ ተከትሎ ጉድጓድ የሚገባ ውሻ ነውና። የታጠፈ ጆሮ አፈር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል ይላሉ። እናንተ ያንን ክዳን በፕላስተር ልትገትሩት ትታገላላችሁ።

ይባስ ብሎ የሚቆርጥም አለ። አንድ የኩታበር ሰው፣ የተከበሩ አባት ናቸው፣ «ጆሮው ካልተቆረጠ ጅብ በጆሮው ይይዘዋል፤ ደፋርም አይሆንም» ብለውኛል። የሳቸው ውሻ በረት ጠባቂ ነው፤ በልጅነታቸው ያዩትንም ነው የሚያደርጉት። ከሳቸው ጋር አልጣላም። የምጣላው ደሴ መሃል ላይ ግቢው በቆርቆሮ የታጠረለት፣ ጅብ በስልኩ ብቻ የሚያይ ሰው የቡችላ ጆሮ በመቀስ ሲቆርጥ ነው። ያለ ማደንዘዣ! አንዷን ዌልሽ ቴሪየር ደሟ እየፈሰሰ በነጠላ ጠቅልለው አምጥተውልኛል። ለምን ቆረጣችሁ ስላቸው «አልቆም ስላለ» አሉኝ። እንግሊዞቹ ራሳቸው፣ ቴሪየርን ያረቡት ሰዎች፣ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ለውድድር እንዳይቀርብ የከለከሉት ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። እኛ ገና መቀሱን አላስቀመጥንም። የተቆረጠ ጆሮ አይመለስም። ድፍረትም ከጆሮ ጫፍ አይመጣም፤ ያቺ ዌልሽ እስከ ዛሬ ሰው እጁን ወደ ጭንቅላቷ ሲዘረጋ አልጋ ሥር ነው የምትገባው።

እሺ፣ ተረጋጋሁ።

ሁለተኛው ስህተት ጊዜውን አለማወቅ ነው። የሁለት ወር ቡችላ ጆሮ ምንም አይነግራችሁም። ወሳኙ ወቅት ጥርስ የሚቀይርበት ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። ከሦስት ወር ተኩል፣ ከአራት ወር አካባቢ ጀምሮ እየነቀለ በ42 ይተካቸዋል፤ ስድስት ሰባት ወር ሲሞላው ይጨርሳል። በዚህ መሃል ጆሮው ያብዳል። ዛሬ ልክ ነው፣ ነገ አንዱ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ከነገ ወዲያ ሁለቱም እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይዘረጋሉ። ሰው ይደነግጣል። አብሽሩ! ጆሮ ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት ገና እየጠነከረ ስለሆነ ነው። መታጠፍ ያለበት ጆሮ ወደ ኋላ መገልበጥ ወይም መቆም ካበዛ ጫፉን ወደ ፊት አጥፎ ከጭንቅላቱ ጋር ማጣበቅ የሚጀመረው ያኔ ነው። ዓመት ሞልቶት የመጣልኝን ውሻ ግን ምን ላድርገው? አጥንቱ ቅርጹን ይዟል። ሳሙት፣ አብሉት፣ በቃ።

ወደ ማጣበቂያው እንምጣ። እዚህ ላይ ፈራጅ መሆን አልችልም፤ ጥፋቱን እኔም ሠርቼዋለሁ።

የመጀመሪያዋ ቴሪየሬ ጦሳ ትባል ነበር፤ ከደሴ በላይ ባለው ተራራ ስም። ቀኝ ጆሮዋ ወደ ኋላ እየተገለበጠ አስቸገረኝ። አንድ ሰው «አጣብቀው» አለኝ። በምን ብዬ አልጠየቅኩም። ጫማ ሰፊ ጎረቤቴ ጋ ሄጄ ማስቲሽ ለመንኩት። ሳቀብኝ፣ ግን ሰጠኝ። ቀባሁ፣ ያዝኩ፣ ተጣበቀ። በጣም አሪፍ ተጣበቀ። ማታ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ታሽ ጀመር። ጠዋት ቆዳዋ ቀልቷል፣ ዙሪያው ውሃ ቋጥሯል። ማስቲሹ ሲነሳ ፀጉሩንና ቆዳውን ይዞ ተነሳ። እስክትሞት ድረስ እዚያ ቦታ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል መላጣ ነበረቻት። ማስቲሽ ለጫማ ነው። ሱፐር ግሉ ደግሞ ይብሳል፤ ሲደርቅ ያቃጥላል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ኮላ እንኳን ይቅርባችሁ፤ ቡችላው ይልሰዋል።

የሚያስፈልገው ለቆዳ ተብሎ የተሠራ የሕክምና ማጣበቂያ ነው። በቀዶ ሕክምና ምክንያት ሆዳቸው ላይ የሰገራ ከረጢት የሚለጥፉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ደሴ ላይ እንደ ልብ አይገኝም፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ለምኑ። እስኪመጣ ግን ፋርማሲ የሚሸጠው የቁስል ፕላስተር ይበቃል፤ ያ ቡናማው አይደለም።

መታጠፍ ላለበት ጆሮ አሠራሩ አጭር ነው። የጆሮውን ጫፍ ውስጠኛ ክፍልና ጫፉ የሚያርፍበትን የጭንቅላት ቦታ ፀጉር በቶንዶስ አንሱ። ምላጭ አይሆንም፤ ቡችላ ዝም ብሎ አይቆምላችሁም። በአልኮል ጥረጉ። ይድረቅ። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀቡ፣ እጥፋቱ ከራስ ቅሉ ከፍ ብሎ ጫፉ ወደ ዓይኑ ጥግ እንዲያመለክት አድርጋችሁ ያዙ። ከዓይኑ ግን ራቁ። የጆሮውን ቀዳዳ እንዳትደፍኑት፤ አየር ይግባ። ሳምንት፣ አሥር ቀን አካባቢ ቆይቶ ራሱ ይለቃል። ጥቂት ቀን አሳርፉት። ካስፈለገ ድገሙት፤ ጥርሱን ቀይሮ እስኪጨርስ መደጋገሙ አይቀርም። እንቅልፍ ሲይዘው ብትሠሩት ለሁለታችሁም ይሻላል።

«ይድረቅ» ያልኩትን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል፤ የታጠበ ካልሲ በሦስተኛው ቀንም አይደርቅ። ውሻው ግቢ ይሮጣል፣ ይረጥባል፣ እናንተ እርጥቡ ላይ ፕላስተር ትለጥፋላችሁ። ከሥሩ ይሻግታል። አንድ ቤተሰብ የዮርክሻየር ቡችላቸውን ጆሮ አሥራ ስምንት ቀን ሳይፈቱ አቆይተው አመጡልኝ። ቡችላው ሳይገባ ሽታው ቀድሞ ገባ። ፕላስተሩን ስፈታ ከሥሩ መግል ወጣ። ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ ተቃራኒው ነው የሚገጥመው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወርዳችሁ አየሩ ሌላ ነው፤ ሙቀቱና አቧራው የለጠፈውን በሁለተኛው ቀን ያስለቅቅበታል። እሱ ይማረራል፣ እኔ እቀናበታለሁ። በየቀኑ አሽትቱት። አዎ፣ በአፍንጫችሁ። ከሸተተ፣ ከቀላ፣ ቡችላው ጭንቅላቱን ካራገፈ ወዲያው ፍቱና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ጆሮው ከማማሩ በፊት መስማቱ ይቅደም።

ስትፈቱም አትጎትቱ። የምግብ ዘይት በጥጥ አርሱና ጠብቁ። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይቀዳ ለመጨረስ የምትቸኩሉ ከሆነ አትጀምሩት፤ በረካው ድረስ ይወስዳል።

የካልሲየም እንክብል ነገር። «ጆሮው እንዲጠነክር» እያሉ ለነፍሰ ጡር የታዘዘ ካልሲየም ለቡችላ የሚፈጩ ሰዎች አሉ። ጆሮ የሚቆመው በለስላሳ አጥንት ነው፤ እንደ እግር አጥንት በካልሲየም አይጠነክርም። ትንሽ ቡችላ ደግሞ የበዛውን ካልሲየም አንጀቱ መመለስ አይችልም፤ ይገባና የእግሩን አጥንት እድገት ያበላሻል። ለጆሮ ብላችሁ እግር ታጣላችሁ። ይልቅ ትሉን አስወግዱለት፣ በደንብ አብሉት። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ጎኑ የተቆጠረ ቡችላ ጆሮው ልፍስፍስ ቢል ምን ይገርማል?

የዮርክሻየር ባለቤቶች፦ ጆሮው ጫፍ ላይ ያለው ፀጉር ይከብደዋል። የላይኛውን ሲሶ ላጩለት። ግማሾቻችሁ ከዚያ በኋላ ፕላስተርም አያስፈልጋችሁም።

አንዱን ጆሮ ብቻ አጣብቆ ሌላውን መተው ኋላ ሁለቱ እኩል እንዳይሆኑ ያደርጋል። ሁለቱንም ሥሩ።

ሕፃናት ጆሮውን አይሹት። እኔ ቤት ይሄን ሕግ የሚያከብር የለም።

ሁለት ቡችላ አብሮ ካለ አንዱ የሌላውን ፕላስተር ይበላል። ለዩአቸው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ቀን። እና ደግሞ፣ ጣታችሁን አፉ ሥር ይዛችሁ ነው የምትሠሩት፤ ጥርሱ እንደ መርፌ ነው። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ሳታስወጉት ወደ ጆሮ አትምጡብኝ።

ያ ካርቶን የያዘው ልጅ? ፕላስተሩን በዘይት ለመፍታት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ቡችላው መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከሥሩ ቆዳው ቀልቶ ነበር፣ ግን አልቆሰለም። ሳምንት አሳርፈነው ወደ ፊት አጥፈን አጣበቅነው። ትናንት በስልክ ፎቶ ላከልኝ። ግራው እንደ ፖስታ ክዳን ታጥፏል። ቀኙን የልጁ ታናሽ እህት ስትጫወት ነቅላዋለች፤ ወደ ጎን ተዘርግቷል። ክራንቻዎቹ ገና የወተት ናቸው። ቅዳሜ ይዘኸው ና፣ ቶንዶሱን እኔ አዘጋጃለሁ አልኩት።