በእንግሊዝኛ «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ» አጠቃቀም ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ የ«ዘ»ን ያህል የሚደጋገም ቃል የለም። ቋንቋውን ለዓመታት የተማርነውን ሰዎች በየዓረፍተ ነገሩ የሚያሰናክለንም እሱ ነው፤ ከሁለቱ ጓደኞቹ ከ«ኤ» እና ከ«አን» ጋር። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። አማርኛ ለዚሁ ሥራ የራሱ መንገድ አለው። «ቤት» ሌላ ነው፣ «ቤቱ» ሌላ ነው። የምንሳሳተው ሁለቱ መንገዶች በማይገጥሙበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ስህተት ከአማርኛችን ጎን አስቀምጬ አሳያችኋለሁ። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን የምጽፈው በፊደላችን ነው፤ ይህም ጥቅም እንዳለው ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

«አይ አም ቲቸር»

አማርኛ «አስተማሪ ነኝ» ይላል፤ ምንም አይጎድለውም። እንግሊዝኛ ግን የሚቆጠር ስም በነጠላ ሲመጣ ራቁቱን እንዲቆም አይፈቅድም። ከፊቱ «ኤ» ወይም «ዘ»፣ ካልሆነም «ማይ» ወይም «ዚስ» ይፈልጋል። ስለዚህ «አይ አም ኤ ቲቸር»፣ «ሺ ኢዝ አን ኢንጂነር»፣ «አይ ሃቭ ኤ ካር» እንላለን። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። በሥራ ማመልከቻና በኢሜይል ላይ ከሁሉ በላይ የማየው ስህተት ይህ ነው።

«ዘ» ብጨምር አይጎዳም ማለት

እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ እንዲህ አስብ ነበር። ስጠራጠር «ዘ» እጨምራለሁ። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ለአንዲት የውጭ አገር ባልደረባዬ «ዘ ማን ዋዝ ሉኪንግ ፎር ዩ» አልኳት። ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ አየችኝና «ዊች ማን?» አለችኝ። እኔ ማለት የፈለግኩት «አንድ ሰው ፈልጎሽ ነበር» ነው። የደረሳት ግን «ሰውየው ፈልጎሽ ነበር» የሚል ነው። የትኛው ሰውዬ? እሷ የምታውቀው ሰውዬ አልነበረም።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ «ዘ» የሚመለከተው ተናጋሪውን ሳይሆን ሰሚውን ነው። እኔ ሰውየውን በዓይኔ ማየቴ አይበቃም። «ዘ» ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰሚው «የትኛው?» ቢባል መልስ አለው? ካለው «ዘ»፣ ከሌለው «ኤ»። አማርኛም እንደዚሁ ነው። «አንድ ስልክ ገዛሁ፤ ስልኩ ግን ቶሎ ተበላሸ» ስንል መጀመሪያ እናስተዋውቃለን፣ ከዚያ «ኡ» እንጨምራለን። አንዳንዴ ማስተዋወቅም አያስፈልግም። «ሰርግ ሄጄ ነበር፤ ሙሽራዋ ታምራለች» ስል «የትኛዋ ሙሽራ?» የሚለኝ የለም፤ ሰርግ ካለ ሙሽራ አለች። እንግሊዝኛውም እዚህ ላይ «ዘ ብራይድ» ይላል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። አማርኛ ብዙ ጊዜ «ፀሐይ ወጣች» ነው የሚለው፤ «ፀሐይዋ» አይልም። ፀሐይ አንዲት ስለሆነች ምልክት አያስፈልጋትም ባይ ነው። እንግሊዝኛ በዚያው ምክንያት «ዘ» ያስፈልጋታል ይላል፦ «ዘ ሰን»፣ «ዘ ሙን»፣ «ዘ ስካይ»። «ዘ ኢንተርኔት»ም እዚሁ ይመደባል።

«ዘ ማይ ኒው ካር»

ይህ ስህተት ከየት እንደመጣ ለማየት «አዲሱ መኪናዬ» የሚለውን ነጣጥላችሁ እዩት። «አዲሱ» ላይ «ኡ» አለ፣ «መኪናዬ» ላይ ደግሞ የባለቤትነት ምልክት አለ። አማርኛ ሁለቱን አንድ ላይ ይሸከማል። ቃል በቃል ሲገለበጥ «ዘ ማይ ኒው ካር» ይወጣል። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው፦ «ማይ ኒው ካር»። ከዚሁ ጋር ሌላም ወጥመድ አለ። «መኪናው ተበላሸ» ስንል የታወቀው መኪና ሊሆን ይችላል፣ የእሱ መኪናም ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ከመጻፋችሁ በፊት «ዘ ካር» ነው ወይስ «ሂዝ ካር» የሚለውን ለዩ።

«ኤ» እና «አን»ን በእንግሊዝኛ ፊደል መምረጥ

«አናባቢ ፊደል ከሆነ አን» ተብለን ነው የተማርነው። ወሳኙ ግን ድምፅ ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል ትልቅ ውለታ ይውላል። ቃሉን እንደሚነበበው በአማርኛ ጻፉት። በ«አ» ቤት ከጀመረ፣ ማለትም በአ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ እ ወይም ኦ፣ «አን» ነው። በሌላ ፊደል ከጀመረ «ኤ» ነው።

ሞክሩት። «አወር» እና «ኦነስት» በእንግሊዝኛ በ«ኤች» ይጀምራሉ፤ ግን «ኤች» አይነበብም፤ ስለዚህ «አን አወር»፣ «አን ኦነስት ማን»። «ዩኒቨርሲቲ»፣ «ዩኒፎርም» እና «ዩሮፒያን» በእንግሊዝኛ በአናባቢ ቢጻፉም በእኛ ፊደል በ«ዩ» ይጀምራሉ፤ ስለዚህ «ኤ»። «ዋን»ም በ«ዋ» ስለሚጀምር «ኤ ዋን ዌይ ስትሪት» ይባላል። «ኤስኤምኤስ» እና «ኤክስሬይ» ደግሞ «አን» ይወስዳሉ። የምታዩት ወዲያው የሚከተለውን ቃል እንጂ ስሙን አይደለም፦ «ኤ ማን»፣ ግን «አን ኦልድ ማን»። «ዘ» ራሱም በዚሁ ሕግ በ«አ» ቤት ፊት «ዚ» ተብሎ ይነበባል፦ «ዚ አፕል»።

በነገራችን ላይ ቀድሞ የነበረው «አን» ነው፤ «አንድ» የሚል ትርጉም ከነበረው ቃል የመጣ ነው። በተነባቢ ፊት «ን»ዋ ወደቀችና «ኤ» ተገኘ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ድንበሩ ጠፍቷቸው ያውቃል። ሽርጥ ድሮ «ናፕሮን» ነበር፤ «ኤ ናፕሮን» እያሉ «አን ኤፕሮን» አድርገው ሰሙትና ቃሉ እንደዚያው ቀረ።

ስለ ጠቅላላ ነገር ሲያወሩ መሳት

«ሕይወት ከባድ ነው» ለማለት «ዘ ላይፍ ኢዝ ሃርድ» የሚሉ ብዙ ናቸው። አማርኛችን «ሕይወቱ» አላለም፤ እንግሊዝኛውም «ላይፍ ኢዝ ሃርድ» ነው። ለማይቆጠር ነገር የአማርኛ ጆሯችሁን እመኑት። ለሚቆጠር ነገር ግን አትመኑት። «መጽሐፍ እወዳለሁ» «አይ ላይክ ቡክ» አይሆንም፤ ብዙ ቁጥር ይፈልጋል፦ «አይ ላይክ ቡክስ»። ለእንስሳት ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል። «አይ ላይክ ቺክንስ» ዶሮዎችን እወዳለሁ ነው። «አይ ላይክ ቺክን» ሲሆን ግን የዶሮ ሥጋ እወዳለሁ ነው። ውሻ እንደምትወዱ ስትናገሩ «ዶግስ» ማለትን አትርሱ።

«አን ኢንፎርሜሽን»

በአማርኛ «አንድ መረጃ»፣ «ሁለት ምክር» እንላለን። በእንግሊዝኛ «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «ሆምወርክ» እና «ኒውስ» አይቆጠሩም። «አን»ም ሆነ የብዙ ቁጥር «ስ» አይወስዱም («ኒውስ» መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» የራሱ ናት)። መቁጠር የግድ ከሆነ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» በሉ።

«ፊው» እና «ኤ ፊው»

እዚህ አንዲት «ኤ» ስሜቱን ትገለብጣለች። «አይ ሃቭ ኤ ፊው ፍሬንድስ» የተወሰኑ ጓደኞች አሉኝ ነው፤ ደህና ነኝ። «አይ ሃቭ ፊው ፍሬንድስ» ጓደኛ የለኝም ማለት ይቻላል ነው፤ ሰሚው ያዝናል። «ሊትል» እና «ኤ ሊትል»ም እንዲሁ ናቸው።

የቦታ ስሞች

አገር በአብዛኛው «ዘ» አይወስድም። ስሙ ብዙ ቁጥር ከሆነ ወይም ውስጡ «ስቴትስ»ና «ኪንግደም» ዓይነት ቃል ካለ ይወስዳል፦ «ዘ ኔዘርላንድስ»፣ «ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»። ወንዝ፣ ውቅያኖስና የተራራ ሰንሰለት ይወስዳሉ፦ «ዘ ናይል»፣ «ዚ አልፕስ»። ብቸኛ ተራራና ሐይቅ አይወስዱም፦ «ማውንት ኤቨረስት»፣ «ሌክ ቪክቶሪያ»።

«ስኩል» እና «ዘ ስኩል»

ልጁ ሊማር ሲሄድ «ጎ ቱ ስኩል» ነው። ወላጁ መምህር ሊያነጋግር ሲሄድ «ጎ ቱ ዘ ስኩል» ነው። ቦታው ለተሠራበት ዓላማ ስንሄድ «ዘ» ይቀራል፤ ለሌላ ጉዳይ ስንሄድ ይመጣል። ለሆስፒታል የብሪታንያ ሰዎች ይህንኑ ሲከተሉ አሜሪካውያን ለታካሚም «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ነው። በ«ፕሪዝን» ላይ ግን ተጠንቀቁ። ወንድማችሁ እስረኛ ሊጠይቅ ወኅኒ ቤት ገብቶ ከሆነ «ሂ ኢዝ ኢን ዘ ፕሪዝን» በሉ። «ዘ»ን ከረሳችሁ ታስሯል ብላችኋል።