ሞተሯ ትነሳለች፣ ወረቀቷ አልነሳ ብሏል፦ የታርጋ፣ የስም ዝውውር፣ የቦሎና የግብር ችግርና መፍትሄ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጎማዋን ነው። ቀጥሎ ያስነሳታል፣ ማርሚታዋን ያዳምጣል፣ ፍሬኗን ይሞክራል። ሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን) አጥፎ ኪሱ ይከታል። ወረቀቱን በደንብ የሚያነበው ጫጫ ወይም ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ትራፊክ ሲያስቆመው ነው፣ ያኔ ደግሞ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

እኔ እንደታዘብኩት ሰውን ከመንገድ ትራንስፖርት በር የሚመልሱት ችግሮች ሥራቸው ሲታይ አብዛኞቹ አንድ ናቸው። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈው እና መስኮቱ ጋ የቆመው ሰው መታወቂያ አይገጥሙም። ስለዚህ ለጉዳይ አስፈጻሚ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ራሳችሁ እዩ።

“ቁጥሩ አይመሳሰልም” ከተባላችሁ

መርማሪው አጎንብሶ በባትሪ ያያል፣ ወረቀቱን ያያል፣ እንደገና ያጎነብሳል። ከዚያ “ጋሼ፣ ይቺ ከሊብሬው ጋር አትሄድም” ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የተሰረቀ ሞተር የገዛ መስሎት ላብ ያጠምቀዋል። ሊሆንም ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ቆሻሻውን አስለቅቁ።

የሻንሲ (የአካሏ ዋና ብረት) ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ በጎን በኩል ነው ያለው። የምንጃር አቧራ ከቅባት ጋር ሲጋገርበት 3 እና 8 አይለዩም። በላምባ በራሰ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ አሹት። በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት፤ የተፋቀ ቁጥር “ተነካክቷል” ተብሎ ወደ ፖሊስ ምርመራ ከተላከ ጉዳዩ በቀላሉ አያልቅም። ሲጸዳ ስስ ነጭ ወረቀት አስደግፉበትና በእርሳስ ጎን ላዩን አሻሹት፣ ቁጥሩ አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ፎቶም አንሱ።

አሁን ቁጠሩ። እንደ ቦክሰርና አፓቼ ባሉት የዛሬ ሞተሮች ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ፊደልና አኃዝ ተደባልቆ 17 ነው። ሊብሬው ላይ 16 ብቻ ካገኛችሁ ጸሐፊው አንድ ዘሏል ማለት ነው። በተጨማሪ በዚህ ዓለም አቀፍ አሠራር አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሆን ተብሎ ነው የተተዉት። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ኦ ካለ፣ ዜሮ መሆን የነበረበት ነው። ይህን ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በትሕትና ማስረዳት ከጭቅጭቅ ያድናል። የህንድ ሞተር የሻንሲ ቁጥር በኤም ይጀምራል፣ የቻይና በኤል። ሊብሬው “ህንድ” እያለ ብረቱ በኤል ከጀመረ ግን ያ የጽሕፈት ስህተት አይደለም፣ ሌላ ታሪክ አለው።

የጽሕፈት ስህተት ከሆነ መፍትሄው ማመልከቻ ጽፎ ሊብሬውን ወደሰጠው ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው። እዚያ የመጀመሪያው ፋይል ይወጣል፣ ከዲክላራሲዮኑ (ሲገባ ቀረጥ ከተከፈለበት የጉምሩክ ሰነድ) ጋር ይመሳከራል፣ ይታረማል። ሻንሲው ገጥሞ የሞተር ቁጥሩ ብቻ ካልገጠመ፣ የቀድሞው ባለቤት የውስጡን ሞተር (ኢንጂኑን) በሙሉ ቀይሮት ይሆናል፤ የተገዛበትን ደረሰኝ ከእሱ ተቀብላችሁ ለውጡን አስመዝግቡ። ሻንሲው ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ በምንም ወረቀት አይዳንም፣ ገንዘባችሁን ከሻጩ ጠይቁ።

ቁልፉ እጃችሁ ላይ ነው፣ ስሙ ግን የሌላ ሰው

በዞናችን በጣም የተለመደው በሽታ ይሄ ነው። ሰው ሞተር ይገዛል፣ ስም ማዞሪያው ገንዘብ ይከብደዋል፣ “ለጊዜው በውክልና ልንዳት” ይላል። ያ ለጊዜው ዓመታት ይቆያል። ከዚያ ሊሸጥ ሲል፣ ወይም አደጋ ሲደርስ፣ ወይም ሞተሯ ስትሰረቅ ባለቤትነቱን የሚያሳይ ወረቀት የለውም።

ውክልና ሽያጭ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካዩ ውክልናውን መሻር እንደሚችል ይላል፣ ወካዩ ከሞተም በመርህ ደረጃ ውክልናው ይቀራል። ሻጫችሁ ጤነኛና ደግ ሰው ቢሆን እንኳ ነገ ምን እንደሚገጥመው አታውቁም፣ ወራሾቹ ደግሞ እናንተን ላያውቋችሁ ይችላሉ። በሌላ በኩል የሻጩም ጣጣ አለ፤ ሞተሯ ሰው ብትገጭ በመጀመሪያ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። ስለዚህ ሻጩን ስታግባቡ “ለእኔ ብለህ” ሳይሆን “ለራስህ ብለህ ና” በሉት፣ ይሄኛው ቶሎ ያስመጣል።

ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ ሰነድ ማረጋገጫ ቅረቡ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር አጋሩም ስምምነት ይጠየቃል፣ ካላገባም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ። ሰው ከመንዝ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ድረስ ከመጣ በኋላ “ባለቤትህስ?” ሲባል ነው የሚደነግጠው፣ አስቀድማችሁ በስልክ ንገሩት። ሻጩ ሩቅ ከሆነ ባለበት ከተማ ውክልና ይስጥ፣ ነገር ግን ወረቀቱ “እንዲሸጥ፣ ስም እንዲያዛውር፣ ገንዘብ እንዲቀበል” ብሎ በግልጽ ይናገር። “እንዲነዳ፣ እንዲያስተዳድር” ብቻ የሚል ውክልና ስም አያዞርም። ሻጩ ካረፈ መንገዱ የወራሽነት ማረጋገጫ ነው፣ ያም በፍርድ ቤት በኩል።

ስም ሲዞር የቴምብር ቀረጥ አለ። በአዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት ለባለቤትነት ሰነድ የሚከፈለው የዋጋው 2 በመቶ ነው። ሞተሯ 150,000 ብር ከተገመተች 3,000 ብር መሆኑ ነው። ይቺን ለማዳን ብዙዎች ውሉ ላይ ዋጋ ያሳንሳሉ። አንደኛ ቢሮው የራሱን ግምት ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛ ነገ ሽያጩ ቢፈርስና ገንዘቤን መልስልኝ ብትሉ፣ ውሉ የሚመሰክረው ያችን ያሳነሳችኋትን ብር ነው።

“እግድ አለባት”

ሞተሯ በብድር ተገዝታ ነበር፣ ወይም ፍርድ ቤት አግዷታል፣ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት አለባት። ብድሩ ካለቀ በኋላም እግዱ በራሱ አይነሳም። አበዳሪው ዕዳው መጠናቀቁን በደብዳቤ ለመንገድ ትራንስፖርት ማሳወቅ አለበት፣ ደብዳቤው መድረሱንም እናንተው ሄዳችሁ አረጋግጡ። ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ብር ከመስጠታችሁ በፊት ከሻጩ ጋር ሄዳችሁ ፋይሉን አስፈትሹ።

ታርጋው የሌላ ክልል ነው

አዲስ አበባ ወይም ሸኖ የገዛችኋት ሞተር አአ ወይም ኦሮ የሚል ታርጋ ይዛ ትመጣለች። በእሱ መንዳት ወንጀል አይደለም፣ ግን ፋይሏ እዚያው ስለሆነ ለእያንዳንዱ ጉዳይ መመላለስ ይመጣል። ፋይሉ እንዲዛወር ቀድሞ ለተመዘገበችበት ቢሮ ጥያቄ መቅረብ አለበት፤ አሮጌው ታርጋ ይመለሳል፣ በነባሩ አሠራር አማ የሚል ይሰጣል። ዝውውሩን ከስም ማዞር ጋር አብራችሁ ጨርሱት።

በነባሩ አሠራር የግል ታርጋ ኮድ 2 ሰማያዊ፣ የንግድ ኮድ 3 አረንጓዴ፣ የታክሲ ኮድ 1 ቀይ ነው። በሰማያዊ ታርጋ ሰው እየጫኑ ብር መቀበል የሚያስቀጣ ነው፣ “ጎረቤቴን ነው ያደረስኩት” የምትለዋን ደግሞ ትራፊኩ ከእናንተ በፊት ሺህ ጊዜ ሰምቷታል።

ጭራሽ ታርጋ የላትም፣ ዲክላራሲዮንም የላትም

ኮንትሮባንድ ሳትሆን አትቀርም። ቀረጥ የተከፈለበት ሰነድ ከሌለ መዝጋቢው ምን ላይ ተመሥርቶ ይመዘግባታል? “ወረቀቷ በመንገድ ላይ ነው” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ለጸጥታ ሲባል የሞተር እንቅስቃሴ በሚገደብበት ጊዜም ታርጋ የሌላት ናት ቀድማ የምትያዘው። አዲስ ሞተር ከሱቅ ስትገዙም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተጻፈበትን ደረሰኝ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ተቀበሉ።

ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ማለፊያ ምልክት) ተከለከላችሁ

መጀመሪያ ኢንሹራንሱን እዩ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፣ ጊዜው ያለፈበት ይዛችሁ ምርመራ ብትሄዱ ሌላው ሳይታይ ትመለሳላችሁ። የመድኑና የቦሎው ማብቂያ ቀን ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ አንዱን አድሳችሁ ሌላውን የምትረሱት ለዚህ ነው። ስም ያዞራችሁ ከሆነ መድኑም በእናንተ ስም ይዙር።

ቀጥሎ ጥቃቅኑ ነው፦ ፍሬቻ፣ የስቶፕ መብራት፣ ክላክስ፣ ስፖኪዮ፣ የተላጨ ጎማ። እነዚህን ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ጨርሱ።

ጭስ ግን እኛ አገር የራሱ ጠባይ አለው። ሸዋ ሮቢት ላይ ደህና የምትሠራ ሞተር ጣርማ በርን ወጥታ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ጥቁር ታጨሳለች፣ ጉልበቷም ይደክማል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራቶሩ ግን የሚለቀውን ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ትርፉ ሳይቃጠል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ለምርመራ ከቆላ ከመጣችሁ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ ጥቀርሻውን አንሱ፣ መካኒኩ ካርቡራቶሩን ለደጋ ያስተካክልላችሁ። ወደ ቆላ ስትመለሱ ማስመለሱን አትርሱ፣ በአነሰ ቤንዚን ሙቀት ውስጥ መንዳት ሞተሩን ያግላል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ከፍታው አይደለም፣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጉዳይ ስለሆነ ቦሎውን ለሌላ ቀን ተዉት።

ሊብሬ ወይም ታርጋ ጠፋ

በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ፣ ማስረጃውን ይዛችሁ ምትክ ጠይቁ። የጠፋ ታርጋ ሌላ ሞተር ላይ ተለጥፎ ወንጀል ቢሠራበት፣ ያመለከታችሁበት ቀን ነው የሚያድናችሁ።

መሥራት አቁማችኋል፣ ግብር ግን መጣ

ይሄ ኮድ 3 ወይም ኮድ 1 ይዘው ንግድ ፈቃድ ያወጡትን ይመለከታል። ሞተሯ ተበላሽታ ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ ወይም ተሸጣለች፣ ገቢዎች ግን ያለፈውን ዓመት ከነቅጣቱ ክፈሉ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞተሯ መቆሟን የሚያውቅ የለም፣ ፋይሉ ላይ የንግድ ፈቃዱ በሕይወት አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ እናንተ ያሳወቃችሁት ነገር ከሌለ በግምት ይሠራባችኋል።

ሥራ ያቆማችሁበትን ቀን የሚያሳይ ነገር ሰብስቡ፦ የሽያጭ ውል፣ ታርጋ የመለሳችሁበት ማስረጃ፣ የጋራዥ ደረሰኝ። እስከዚያ ቀን ያለውን ግብር ክፈሉ፣ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ወረቀት) ውሰዱ፣ በክሊራንሱ ንግድ ፈቃዱን አሰርዙ። ፈቃዱ ሳይሰረዝ ሞተሯን ብቻ መሸጥ ዋጋ የለውም። በግምቱ ካልተስማማችሁ ቅሬታ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ስላለ ውሳኔው በደረሳችሁ ሰሞን በጽሑፍ አስገቡ፣ የተቀበሉበትን ማህተም ያለበት ቅጂም እጃችሁ ላይ ይቅር።