ድግምቱ የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያደርገው፦ በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አስማት ላይ የሚዘወተሩ ስህተቶች

እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ገጸ ባሕሪ ይዞ በዳይስ በሚጫወትበት በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጠረጴዛ ላይ ጨዋታ የሚያስቆም ክርክር ሲነሳ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አስማት ነው። ሰይፍ ዳይስ ተጥሎ መታ ወይም ሳተ ይባልና ያልቃል። ድግምት ግን እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉም ከስሙ ሥር በአጭሩ ሰፍሯል፦ ለመሥራት የሚወስደው ጊዜ፣ የሚደርስበት ርቀት፣ የሚጠይቃቸው ነገሮች፣ የሚቆይበት ጊዜ። ተጫዋቾች እነዚህን መስመሮች ዘለው ወደ ጉዳቱ ቁጥር ስለሚሮጡ ነው የሚሳሳቱት። እዚህ ያሉት ቁጥሮች የ2014ቱን አምስተኛ እትም የተከተሉ ናቸው፤ የ2024ቱ ማሻሻያ ከለወጣቸው አንዳንዶቹ እዚያው ይጠቀሳሉ።

1. የገጸ ባሕሪውን ደረጃ ከድግምቱ ደረጃ ጋር ማምታታት

ገጸ ባሕሪ እስከ 20ኛ ደረጃ ያድጋል፤ ድግምት ግን ያለው 9 ደረጃ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት የአዘጋጆቹ ጥፋት ነው፤ መዘዙ ግን ለጀማሪው ተርፏል። ሦስተኛ ደረጃ የደረሰ ዊዛርድ (ከመጽሐፍ የሚያጠና አስማተኛ) ሦስተኛ ደረጃ የሆነውን ፋየርቦል (የሚፈነዳ የእሳት ኳስ) መሥራት አይችልም፤ 5ኛ እስኪደርስ ይጠብቃል። በሦስተኛ ደረጃ ያለው 4 የአንደኛ እና 2 የሁለተኛ ደረጃ ስሎት (ድግምት ሲሠራ የሚወጣ፣ በዕረፍት የሚመለስ የአቅም ድርሻ) ነው፤ በ5ኛው 4፣ 3 እና 2 ይሆናል።

ከዚሁ የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ፦ ከፍ ያለ ስሎት ማውጣት ሁልጊዜ ያዋጣል ብሎ ማሰብ። ፋየርቦል በሦስተኛ ደረጃ ስሎት 8 ባለስድስት ገጽ ዳይስ ይጥላል። በአራተኛ ስሎት የሚጨመረው አንድ ዳይስ ነው፤ በአማካይ 3.5 ጉዳት ማለት ነው። ለዚህ ሲባል የአራተኛ ደረጃ ስሎት ማቃጠል ክስረት ነው። ሆልድ ፐርሰን ግን በእያንዳንዱ ከፍታ አንድ ተጨማሪ ሰው ያስራል፤ ያ ያዋጣል። ሺልድን የመሰሉት ደግሞ ከፍ ቢደረጉም ምንም አይጨምሩም።

2. የተዘጋጀ ድግምት አንዴ ከተሠራ ያልቃል ማለት

በቀደሙት እትሞች እንዲያ ነበር፤ ዊዛርዱ ጠዋት ያጠናው ድግምት አንዴ ከሠራው በኋላ ከአእምሮው ይጠፋል። በአምስተኛው እትም የተዘጋጁት ድግምቶች ዝርዝር ሌላ፣ ስሎት ሌላ ነው። ኢንተለጀንሱ (የአእምሮ ብቃቱ) 18 የሆነ 5ኛ ደረጃ ዊዛርድ 5 (ደረጃው) ሲደመር 4 (18ቱ የሚያስገኘው ጭማሪ)፣ ማለትም 9 ድግምት ያዘጋጃል፤ በ2024ቱ ቁጥሩ ከሠንጠረዥ ይነበባል። ያሉትን ስሎቶች ከዘጠኙ በፈለገው ላይ ያውላል። ሁለቱንም የሦስተኛ ደረጃ ስሎት ለፋየርቦል ቢያወጣ ማንም አይከለክለውም።

3. ኮንሰንትሬሽንን መርሳት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው፤ የጨዋታው የአስማት ሚዛን የቆመው በእሱ ላይ ነውና። የሚቆይበት ጊዜ ላይ ኮንሰንትሬሽን (ድግምቱን በሐሳብ ይዞ ማቆየት) የሚል ቃል ካለ፣ አንድ ገጸ ባሕሪ እንዲህ ያለውን ድግምት በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚይዘው። ክለሪኩ (የአምላክ አገልጋይ የሆነው አስማተኛ) ጓደኞቹን በብለስ ከባረከ በኋላ ስፒሪት ጋርድያንስ የተባለውን ሌላ የኮንሰንትሬሽን ድግምት ሲጀምር ብለሱ ወዲያው ይፈርሳል።

ጉዳት ሲደርስ የኮንስቲትዩሽን (የጽናት) ሴቭ፣ ማለትም ለመቋቋም ባለ20 ገጽ ዳይስ፣ ይጣላል። መድረስ ያለበት ቁጥር 10 ወይም የደረሰው ጉዳት ግማሽ ነው፤ የሚበልጠው ይወሰዳል። 14 ጉዳት ከሆነ 10፣ 44 ከሆነ 22። የሚቆጠረው በእርግጥ የደረሰው ጉዳት ነው፤ ሴቭ ወይም መከላከያ ግማሹን ካስቀረ በቀረው ይሰላል። ብዙ ዲኤም (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) የሚስተው ግን ሌላውን ነው፦ ለእያንዳንዱ ምት ለየብቻው ሴቭ ይጣላል፤ ጉዳቱ ተደምሮ አንድ ጊዜ አይደለም። ሴቩ ላይ 2 ብቻ የሚጨምር ጠንቋይ በስኮርቺንግ ሬይ ሦስት ጨረር ቢመታና ቁጥሩ ሦስቴም 10 ቢሆን፣ አንዱን የማለፍ ዕድሉ 65 በመቶ ነው፤ ሦስቱንም የማለፍ ዕድሉ ግን ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። ትንንሽ ምት ደጋግሞ ማሳረፍ ኮንሰንትሬሽን ለመስበር ከአንድ ትልቅ ምት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ራሱን የሳተ ወይም የደነዘዘ ሰው ያለ ምንም ዳይስ ያጣዋል። በተቃራኒው መራመድ፣ መምታት፣ ኮንሰንትሬሽን የማይጠይቅ ሌላ ድግምት መሥራት አይሰብሩትም፤ በየእርምጃው ሴቭ የሚጠይቅ ዲኤም ያለ አግባብ ይቀጣል።

አንድ የተደበቀ ወጥመድም አለ። «በሩ ሲከፈት ፋየርቦል እለቃለሁ» ብሎ ድግምትን አሰናድቶ መጠበቅ ራሱ ኮንሰንትሬሽን ይጠይቃል። ስሎቱም የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በሩ ሳይከፈት ቢቀር ፋየርቦሉም ስሎቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ቀድሞ የተያዘ ብለስ ካለ እሱም ጭምር።

4. አፍና እጅን አለመቁጠር

በአማርኛ ድግምት የሚደገም፣ ከአፍ የሚወጣ ነገር ነው፤ ጨዋታውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቃል ምልክት ያለበት ድግምት በግልጽ ድምፅ መባል አለበት። አፉን የታፈነ ወይም ሳይለንስ በሸፈነው ባለ20 ጫማ ሬዲየስ ክብ ውስጥ ያለ ሰው አይሠራውም። በልዕልቲቱ ግብዣ መሃል ማንም ሳይሰማ ሰጄስሽን (ሰውን በቃል የሚያሳምን ድግምት) እሠራለሁ የሚል ተጫዋች ይህን ረስቷል።

የእጅ ምልክት ቢያንስ አንድ ነፃ እጅ ይፈልጋል። ቁሳቁስን በተመለከተ ፎከስ (እንደ በትር ወይም ቅዱስ ምልክት ያለ የአስማት ዕቃ) ወይም የቁሳቁስ ከረጢት ዋጋ ያልተጻፈለትን ሁሉ ይተካል፤ ስለዚህ ለፋየርቦል የሌሊት ወፍ ኩስና ድኝ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ዋጋ የተጻፈለት ግን በእጅ መኖር አለበት። ሪቫይቪፋይ 300 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ይበላል፤ ሟቹ ከሞተ ከ1 ደቂቃ ያልበለጠ መሆንም አለበት። አልማዙን ከተማ ሳሉ ያልገዙ ዋሻ ውስጥ ስሎት ቢኖራቸውም ጓደኛቸውን አያስነሱም። የአይደንቲፋይ (የአስማት ዕቃን ምንነት የሚያሳውቅ ድግምት) የ100 ሳንቲም ዕንቁ በአንጻሩ አይበላም፤ አንዴ ከተገዛ በቃ።

ክለሪኩ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ቅዱስ ምልክቱ የተሳለበት ጋሻ ይዟል እንበል። ብለስ ቁሳቁስ ስለሚጠይቅ ምልክቱን የያዘው እጅ የእጅ እንቅስቃሴውንም ይሠራል። ኪዩር ዉንድስ ግን ቁሳቁስ የለውም፤ ስለዚህ ጋሻ የያዘው እጅ አይቆጠርም፣ ዱላው መከተት ወይም መጣል አለበት። ሕጉ ያስቃል፤ አውቀው የሚያልፉት ዲኤሞችም ጥቂት አይደሉም። ማለፉ ችግር የለውም፣ ዋር ካስተርን (እጆች በመሣሪያና በጋሻ ቢያዙም የእጅ ምልክትን የሚፈቅደውን ልዩ ችሎታ) ለዚሁ ብሎ የወሰደ ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ እስከሌለ ድረስ።

5. በአንድ ተራ ሁለት ትልልቅ ድግምት

በቦነስ አክሽን (በተራው ከዋናው ድርጊት፣ ከአክሽኑ፣ በተጨማሪ የሚገኝ ፈጣን ድርጊት) ድግምት የሠራ ሰው በዚያው ተራ በአክሽኑ ሊሠራ የሚችለው ካንትሪፕ (ስሎት የማይጠይቅ ቀላል ድግምት) ብቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉ አይለውጠውም። ሂሊንግ ወርድ (የቦነስ አክሽን ድግምት) እና ሴክረድ ፍሌም (ካንትሪፕ) ይሄዳሉ፤ ሂሊንግ ወርድ እና ስፒሪት ጋርድያንስ አይሄዱም። የ2024ቱ አነጋገር ይቀላል፦ በአንድ ተራ ድግምት ለመሥራት የሚወጣው ስሎት አንድ ብቻ ነው።

6. ካልተጻፈው ላይ መጨመር

«ውሃ እፈጥራለሁ፣ ሳንባው ውስጥ!» የማይልበት ጠረጴዛ የለም። ድግምቱ 10 ጋሎን ውሃ የሚፈጥረው ክፍት ዕቃ ውስጥ ነው፤ ሳንባ ክፍት ዕቃ አይደለም። ቻርም ፐርሰን ጠላትን ባሪያ አያደርግም፤ እንደ ጥሩ ወዳጅ ያያችኋል፣ አንድ ሰዓቱ ሲያልቅም እንደተደገመበት ያውቃል። መስታወት ያለው መስኮት ያሳያል እንጂ አያሳልፍም፦ በድግምት ሠሪውና በዒላማው መካከል ያለው መንገድ ክፍት መሆን አለበት። ፋየርቦል በአንጻሩ ማዕዘን ዞሮ ይገባል፤ ጽሑፉ ላይ ስላለ።

7. ሁሉንም ዕረፍት አንድ ማድረግ

ዊዛርድና ክለሪክ ስሎታቸውን ሙሉ በሙሉ የሚመልሱት 8 ሰዓት በሚፈጅ ረጅም ዕረፍት ነው። ዋርሎክ (ከኃያል ፍጡር ጋር ውል የገባ አስማተኛ) ጥቂት ስሎት ቢኖረውም 1 ሰዓት በሚፈጅ አጭር ዕረፍት ሁሉም ይመለሱለታል። ቡድኑ አጭር ዕረፍት የማይወስድ ከሆነ ዋርሎኩን ያለ ጥፋቱ እየቀጡት ነው።

ሪችዋል የሚል ምልክት ያለበት ድግምት ደግሞ ስሎት ሳይወጣበት ሊሠራ ይችላል፤ በተለመደው ጊዜ ላይ 10 ደቂቃ ይጨመራል። ዊዛርድ መጽሐፉ ውስጥ ከጻፈው ሳያዘጋጀውም ይበቃዋል፤ ክለሪክ ግን ማዘጋጀት አለበት። አይደንቲፋይ ራሱ 1 ደቂቃ ስለሚወስድ በሪችዋል 11 ደቂቃ ይሆናል። ጎብሊኖቹ መወጣጫውን እየወጡ ከሆነ ስሎት ማውጣት ይሻላል።