ጭቃ ላይ የሚከዳ ፎርዊል፦ ከመግዛት በፊት የሚታዩ ምልክቶች፣ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

ከጅማ ወደ አጋሮና በደሌ፣ ወደ ሸቤና ቦንጋ የሚወስዱት ዋና መንገዶች አስፋልት ናቸው፤ ማንኛውም የቤት መኪና ይሄድባቸዋል። ጉዱ የሚታየው ከአስፋልቱ ሲታጠፉ ነው። ጌራ ወዳለ የቡና ማሳ፣ ዴዶ ተራራ ላይ ወዳለ ቀበሌ ወይም ወደ በለጠ ጌራ ደን የሚያስገባው ቀይ አፈር በበጋ አቧራ ነው፤ ሲዘንብበት ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዝናቡ እዚህ አካባቢ በበልግ ይጀምርና ክረምቱን ሙሉ ይዘልቃል፤ የቡና ለቀማ ሲገባም ብዙው የገጠር መንገድ ገና አልደረቀም።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ የሚገኘው ፎርዊል፣ ማለትም በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና፣ በአብዛኛው እዚሁ ሲሠራ የኖረ ነው። ስለዚህ «የትኛው ሞዴል ይሻላል?» ከማለት በፊት «ይህ ፊቴ የቆመው መኪና ምን ሆኗል?» ማለት ይቀድማል። ጤነኛ ቪታራ ከታመመ ላንድክሩዘር ይሻላል። ሻጭ መኪናውን አሳጥቦ አስፋልት ላይ አንድ ዙር ሊያስነዳችሁ ይፈልጋል፤ እናንተ ግን ከሥሩ ገብታችሁ እዩት፣ ጭቃም አስገቡት። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደላላው የሚጠራላችሁን ሳይሆን የራሳችሁን።

የፎርዊሉ መብራት ይበራል፣ የፊት ጎማ ግን አይጎትትም

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው፤ አንዳንዴ ሻጩ ራሱም አያውቀውም። «ፎርዊሉ እኮ ይሠራል ወንድሜ፣ መብራቱን አታየውም እንዴ?» ይላል። ዳሽቦርድ ላይ የበራው መብራት የሚናገረው ማርሹ መግባቱን ነው እንጂ ጉልበቱ የፊት ጎማ ጋ መድረሱን አይደለም።

ምክንያቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘርና የድሮ ሃይሉክስ ብዙዎቹ የፊት ጎማቸው መሐል ላይ በእጅ የሚዞር ሀብ፣ ማለትም ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያያይዝና የሚያላቅቅ መቆለፊያ፣ አላቸው። ሀቡ «ፍሪ» ላይ ከሆነ ማርሹ ቢገባም ጎማው ለብቻው ነው የሚዞረው። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ሀብ ደግሞ ቅባቱ ደርቆ ወይም ዝጎ «ሎክ» ላይ አልገባም ይላል፤ ወይም የገባ ይመስልና አይዝም። ይህ ፈትቶ፣ በናፍጣ አጥቦ፣ ስስ ግሪስ ቀብቶ በመግጠም የሚድን ነገር ስለሆነ አያስደነግጥም። አንዳንድ ፓጄሮና ሃይሉክስ ላይ የፊቱን ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን) የሚያገናኘው በአየር ስበት ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ቀጭኗ የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ከሆነ መሣሪያው አይነቃም። ቱቦዋ ርካሽ ናት፣ መሣሪያው ግን አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ዋጋ አትቁረጡ። ከዚህ የባሰው የፊት አልቤሮው፣ ማለትም ጉልበቱን ከትራንስፈሩ (ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ካምቢዮ) ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ ጨርሶ የሌለ እንደሆነ ነው። የአልቤሮው መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ሲያልቅና ሲንኳኳ በመቀየር ፋንታ አልቤሮውን አውልቆ የሚነዳ ሰው አለ። ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል።

ሀብ ያለው መኪና ላይ ሙከራው እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ አቁሙት፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ያዙ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ፎር ሃይ (የፎርዊሉ ፈጣን ማርሽ) ይግባ፣ ሁለቱም ሀቦች «ሎክ» ላይ ይዙሩ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱና በእጃችሁ ለማዞር ሞክሩ። ትንሽ ተወዛውዞ ቀጥ ካለ ይዟል። በነፃነት ከተሽከረከረ ጉልበቱ እዚያ አይደርስም ማለት ነው። ከዚያ ሀቡን «ፍሪ» ላይ መልሱና እንደገና አዙሩ፤ አሁን መዞር አለበት። ሌላውንም ጎማ እንዲሁ። ሻጩ «ይህ ሁሉ ለምን?» ካለ መልሱ ጌራ መንገድ ላይ እንዳለ ንገሩት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከፍ ብሎ የቆመ ሃይሉክስ ሁሉ ፎርዊል አይደለም። ቁመቱ ያው ሆኖ ከኋላ ብቻ የሚጎትት አለ፤ ኋላው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ደግሞ ከየትም ይገዛል።

ፎርዊል ገብቶም ሁለት ጎማ ብቻ ይሽከረከራል

መኪናው ቦይ ሲሻገር አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ አየር ላይ ይቀሩና እነሱ ብቻ ይዞራሉ፣ መሬት የያዙት ሁለቱ ዝም ይላሉ። ብዙ ሰው «ፎርዊሉ ተበላሽቷል» ብሎ ጋራዥ ይወስደዋል። አልተበላሸም፤ ተራ ዲፈረንሻል ጉልበቱን ወደ ቀለለው ጎማ ስለሚልክ ነው። መፍትሄው የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አስሮ እኩል የሚያዞር መቆለፊያ፣ ያለው መኪና መፈለግ ነው። ሃርድቶፕና ሃይሉክስ ላይ እንደ ተጨማሪ ዕቃ የሚመጣ ስለሆነ አንዱ ይኖረዋል፣ አንዱ አይኖረውም። ካለው ደግሞ መሥራቱን ፎር ሎው (የፎርዊሉ ዝግተኛና ጉልበተኛ ማርሽ) አስገብታችሁ ልል አፈር ላይ ሞክሩ፤ ተጠቅሞበት የማያውቅ ባለቤት ዘንድ የሎኩ ትንሽ ሞተር ዝጎ ቁጭ ይላል። ፈትቶ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ያስነሳዋል።

እንደ ራቭ ፎር ያሉት ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው። ዘመን ቀመሶቹ የኋላውን ጎማ የሚጠሩት የፊቱ ሲንሸራተት ነው፤ ረጅም ጭቃ ላይ ሲለፉ ማገናኛው ይሞቅና ራሱን ያላቅቃል። ፎር ሎውም የላቸውም። ለፒስታ መንገድና ለከተማ ጥሩ መኪና ነው፤ ቡና ጭኖ ከማሳ ለመውጣት ግን አልመክርም። ሱዙኪ ጂምኒና ፎር ሎው ያላቸው ቪታራዎች መጠናቸው ቢያንስም በዚህ በኩል ይበልጡታል። ጂምኒ ቀላል ስለሆነች ላንድክሩዘር የሚሰምጥበትን አንዳንድ ቦታ አልፋ ትሄዳለች፤ ዕቃ ግን አትጭኑባትም።

አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ይይዛል፣ ጎማው ይንጫጫል

ፎርዊል ገብቶ ቀርቶ ነው። ሃርድቶፕና ሃይሉክስ ደረቅ አስፋልት ላይ በፎርዊል መነዳት የለባቸውም፤ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ስለማይዞር ትራንስፈሩና አልቤሮው ይጨነቃል። አውጡት። አልወጣ ካለ ትንሽ ወደ ኋላ ነድታችሁ ሞክሩ። አብዛኛው ፕራዶ ግን ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄድ ስለሆነ የመሐል ዲፈረንሻል ሎኩ እስካልተቆለፈ ድረስ ይህ አይመለከተውም።

ዳገት ላይ ይሞቃል

አዲስ አበባ ለሚገዛ ሰው ተፈጥሮ የሰጠችው መሞከሪያ አለ፤ የጊቤ በረሃ። ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ የጅማን አቅጣጫ ዳገት ሲይዝ የሙቀት መርፌውን እዩ። እዚያ ከፍ ካላለ ሌላ ቦታ አያስቸግርም። ችግሩ ግን እዚያ ስትደርሱ ገንዘቡ መከፈሉ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሌላ ረጅም ዳገት ፈልጉ።

የሚሞቀው ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ በጭቃና በገለባ ስለታፈነ ነው። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፤ ጭቃው ያለው በኤሲው ኮንዴንሰርና በራዲያተሩ መካከል ነው። የእጅ ባትሪ አብርታችሁ እዩ። በትንሽ ግፊት ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ማጠብ ይበቃል፤ በኃይለኛ ፓምፕ የሚያጥበው ልጅ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። ቀጥሎ የፋኑን ክላች ጠርጥሩ።

የሚያስፈራው የቴስታታ ጉርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ የተቃጠለ እንደሆነ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ እንዳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፣ ከዚያ አስነሱት። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ተውት። ሻጩ «ቅድም አሙቄው ነበር» ብሎ ከጠበቃችሁ ደግሞ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ በትኩስ ሞተር ላይ ክዳን አይከፈትም፣ ፊት ያቃጥላል። ማስሞቅ የፈለገበትም ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ጉልበት የለውም

ይህ በሞተሩ ዓይነት ይለያያል። ሃርድቶፕ ላይ የምናውቀው ዋን ኤች ዜድ፣ ከ1990 ጀምሮ የተሠራው ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ አስር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ዴዶ ከዚያም ይወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ቀስ ማለቱ ጠባዩ ነው። ጥቁር ጭስ ካበዛ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉ፤ ካልተሻለው ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎች ይፈተሹ። የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ እዚሁ የሚሠሩት ባለሙያዎች አይጠፉም። ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ግን ጠይቁ። የጊዜ ቺንጊያ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ባልቦላዎቹን ያጣምማል። የሚታይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ዲ ፎር ዲ የሚባለው የቶዮታ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር ያላቸው ሃይሉክስና ፕራዶ በጉልበትም በነዳጅ ቁጠባም ይበልጣሉ፤ ድካማቸው ናፍጣው ነው። ከ1,000 ባር በላይ ግፊት የሚረጩ ኢንጀክተሮች ውሃና ቆሻሻ አይችሉም፣ ነዳጅ ሲጠፋ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚገዛው ደግሞ ሁለቱንም አያጣም። ምልክቱ ጠዋት አልነሳም ማለት፣ ነጭ ጭስ፣ ሲቆም ያልተስተካከለ ድምፅ ነው። ናፍጣው ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚያሳየው መብራት ከበራ ቁሙና ከፊልትሮው ሥር አፍስሱት፤ ትርፍ ፊልትሮ መኪና ውስጥ አይጥፋ። ባለ 3 ሊትሩ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ የኢንጀክተሩ መዳብ ማኅተም ሲያረጅ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባና ጥላሸት የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። ሞተሩ ያለ ዘይት ይቀርና ይጣበቃል። የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ ጣታችሁን አስገቡ፤ ሬንጅ የመሰለ ወፍራም ነገር ካገኛችሁ ኢንጀክተሮቹና የዘይት ቋቱ ሳይከፈቱ እንዳትገዙ።

መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የፊት እግር በቅባት ርሷል

ሃርድቶፕ ጉድጓድ መትቶ ሲወጣ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ እስኪደርስ ከተንቀጠቀጠ፣ ባላንስ ነው የሚላችሁን አትመኑ። የፊት ጎማውን አንሱና አናቱንና ታችኛውን ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተላወሰ ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መላወሱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔት ነው፤ ካልጠፋ የኪንግ ፒን (መሪ ሲዞር የፊት እግሩ የሚታጠፍበት ፒን) ኩሽኔት አልቋል። ሁለቱም ይሠራሉ።

ከጎማው በስተ ውስጥ ክብ ብረቱ ላይ ቀጭን ጥቁር ቅባት እየወረደ ካያችሁት ደግሞ የውስጡ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ለቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። እየተነዳ ሲቆይ መገጣጠሚያውን ይበላዋል። አንዱ ሲለቅ ሁለቱንም ጎን አሠሩ።

የዲፈረንሻሉ ዘይት ወተት መስሏል

ወንዝ ተሻግሮ ውሃ ገብቶበታል። ሲሄድ የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ከወለቀ የሚስበው ውሃ ነው። ዘይቱን አፍስሱ፣ አዲስ ሙሉ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ እንደገና ቀይሩ። መተንፈሻውን ደግሞ በረጅም ቱቦ ወደ ሞተር ክፍሉ አናት አውጡት። ርካሽ ሥራ ነው፣ የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሁሉም ይሠራል፣ ግን ይንሸራተታል

ጎማው ነው። ለአስፋልት የተሠራ ጎማ ቀይ ጭቃ ላይ ጥርሱ ወዲያው ይሞላና ራሰ በራ ይሆናል። ጥርሱ ሰፋ ያለ ቅይጥ ጎማ፣ ማለትም ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆነው፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጭቃው ሲከብድ የጎማውን ነፋስ ከ35 ወደ 22 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ አድርጉ፣ አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ ንፉ። ትንሽ የነፋስ ፖምፓ ያላችሁ እንደሆነ ነው ይህ የሚቻለው።

ዕቃው አይገኝም፣ ወይም ሊብሬው አይገጥምም

ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ጅማ ውስጥ ሁለት ሦስት የመለዋወጫ ሱቅ ዞራችሁ ለዚያ ሞዴል የፊት ኩሽኔት፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክና የነዳጅ ፊልትሮ ጠይቁ። መልሱ ሁሉ «ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ይመጣል» ከሆነ በለቀማ ወቅት መኪናችሁ ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ ዕቃ ሲጠብቅ እንደሚውል ቁጠሩት፤ ይህን ከቻላችሁ ግዙ።

ከሥር ስትገቡ ቻንሲው ላይ አዲስ ጥቁር ቀለም ካያችሁ በመፍቻ ጫፍ ፋቁት። የባሌስትራ መያዣው አካባቢ የብየዳ መስመር ካለ ከመጠን በላይ ተጭኖበት ወይም ተጋጭቶ ነው። በወጉ የተበየደ ሊቆይ ይችላል፤ በቀለም የተሸፈነ ግን ሌላም የተሸፈነ ነገር አለው። የቻንሲውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንዲት ቁጥር ካልገጠመች ወይም ዙሪያው የተፋቀ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ቀብድ አትስጡ።