ግዳዩን አሳዩ፣ ቦታውን ግን ዋጥ አድርጉት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትልቅ አጋዘን ጥዬ ፎቶ ለጠፍኩ። ቦታውን አልጻፍኩም። የአካባቢውን ስም እንኳን አላነሳሁም። ጎበዝ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር። ከኋላዬ ግን መብረቅ ለሁለት የሰነጠቀው ዛፍ ቆሟል፤ ግማሹ ደርቆ ግማሹ የለመለመ፣ አንዴ ያየው ሰው የማይረሳው ዓይነት። በቀጣዩ የአደን ወቅት የመክፈቻ ቀን፣ ገና ሳይነጋ ስደርስ፣ እኔ ሁሌ መኪናዬን የማቆምባት ጥግ ላይ ሦስት መኪኖች ተደርድረዋል። አንዱ ሰውዬ ጭራሽ ፈገግ ብሎ «ዛፏን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀብን» አለኝ። ምን ይባላል? ሰላም ብዬ ተመለስኩ።

አዳኝ ስኬቱን ይደብቅ ወይስ ያውራ የሚለው ክርክር የማያልቀው ሁለት ነገር ስለምናደባልቅ ይመስለኛል። ግዳዩ ሌላ፣ ቦታው ሌላ። እንዴት እንደተጠጋችሁ፣ ነፋሱ እንዴት እንደከዳችሁ፣ ስንት ሰዓት ሳትነቃነቁ እንደተቀመጣችሁ እንደልባችሁ አውሩ፤ ጀማሪ የሚማረው ከዚያ ነው። ቦታውን ማወቅ ያለባቸው ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። እነሱም ማን እንደሆኑ በኋላ እመጣበታለሁ፣ ምክንያቱም ምንም ለማንም አልናገርም የሚለውም ሰው ይሳሳታል።

ይህ ስስት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። በከፊል ልክ ነው፣ አልዋሽም። ግን ስስት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከስድስት አህጉራት የተሰበሰበ የ62 አጥቢ እንስሳት ዝርያዎችን መረጃ አንድ ላይ አይቶ ነበር። ሰው ሲበዛባቸው እንስሳቱ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ሌሊት ያዞራሉ። የሚገርመው ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቻ አይደለም፣ ዝም ብሎ በእግሩ የሚንሸራሸርም ሰው ያንኑ ያመጣል። እናም አንድ ሸለቆ ለሁለት አዳኝ ይበቃ ይሆናል፤ ስድስት ሰው ሲገባበት ግን እንስሳው አላለቀም፣ ሰዓቱን ቀየረ እንጂ። እናንተ በብርሃን ባዶ ሜዳ ታያላችሁ፣ ማታ ግን ኮቴው አዲስ ነው።

አደን በሌለበት ቦታም ያው ነው። በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች ያዩትን እንስሳ ቦታ በስልክ መተግበሪያ ወዲያው ይቀባበሉ ነበር። መኪናው ሁሉ ወደዚያው በፍጥነት ሲነዳ መጨናነቁና የሚገጨው እንስሳ አሳሰባቸውና፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የፓርኮቹ አስተዳደር መተግበሪያዎቹን መከልከል እንደሚፈልግ በግልጽ ተናገረ። ይሄ ካሜራ ብቻ የያዘ ሰው ነው እንግዲህ።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ስልኩን ዝም አሰኙት

ካሜራው የቦታ ፈቃድ ካለው፣ ያነሳችሁት ፎቶ ሁሉ በሆዱ ውስጥ የተነሳበትን ቦታ ቁጥር ይዞ ይዞራል። ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ ክፍት ከሆነ፣ የስልክ ጂፒኤስ የሚስተው 5 ሜትር ገደማ ነው። 5 ሜትር ማለት የተቀመጣችሁበት ቁጥቋጦ ማለት ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ሎኬሽን ሰርቪስ፣ ከዚያ ካሜራ የሚለውን ነክታችሁ ኔቨር በሉት። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የካሜራው የራሱ ሴቲንግ ውስጥ ቦታ መዝግብ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ አጥፉት። ይሄ ግን ለወደፊቱ ነው። ድሮ ያነሳችሁት ፎቶ ቁጥሩን እንደያዘ ነው፣ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ቦታውን ማስወገድ አለባችሁ። የቸኮለ ሰው ፎቶውን ስክሪንሾት አንስቶ ስክሪንሾቱን ይላክ። ጥራቱ ይቀንሳል፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዋትሳፕና ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኩት ጨምቀው ነው የሚያሻግሩት፣ የቦታው ቁጥርም አብሮ ይወድቃል። «ጥራቱ እንዳይበላሽ» ብላችሁ እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን ሁሉም እንዳለ ይደርሳል። ቆንጆዋን ፎቶ ደግሞ እንደ ፋይል የሚጠይቃችሁ ሁሌም አንድ ጓደኛ አይጠፋም። ተንኮል ላይኖርበት ይችላል። ግን እሱም ለአንዱ ያስተላልፈዋል፣ ያ ለሌላው።

እርምጃ የሚቆጥር፣ መንገድ የሚመዘግብ መተግበሪያ ካላችሁም አደን ስትወጡ አጥፉት። ስትራቫ የተባለው የሩጫ መመዝገቢያ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትንና የሄዱበትን መስመር በዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሰዎች ካርታውን እያጎሉ በረሃ መሃል ያሉ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ ለቀሙበት፤ ወታደሮቹ ስፖርት ሲሠሩ መንገድ የሚመዘግበውን የእጅ ሰዓታቸውን አላጠፉም ነበር። ጦር ሠራዊትን ያጋለጠ ነገር ለእናንተ የአደን ቦታ አይራራም።

ከዚያ ከኋላችሁ ያለውን እዩ

እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ሰው ፎቶ ሲያይ ቀንዱን ያያል። አዳኝ ግን ከቀንዱ ቀጥሎ ተራራውን ነው የሚያየው። የተራራ ጫፍ መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የሳተላይት ካርታ ከፍቶ፣ ከጎን አዘንብሎ፣ ከፎቶው ጋር ማመሳሰል ትዕግሥት እንጂ ሌላ እውቀት አይጠይቅም። ጥላው ደግሞ አቅጣጫውን ይናገራል። የመብራት ምሰሶ፣ የውኃ ማማ፣ የአጥር በር፣ ቀለሙ የተለየ ድንጋይ፣ ሁሉም ምላስ አላቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራውን ከፍ አድርጋችሁ ወደ መሬት አንሱ፤ ከጀርባችሁ ሣርና አፈር ብቻ ይኑር። ወይ ደግሞ ቅርብ ሁኑ፣ እንስሳውና እናንተ ፍሬሙን ሙሉት። ደሙን ጥረጉ፣ ምላሱን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ እንስሳው ላይ አትቀመጡ። ይሄ ከምስጢር ጋር ባይገናኝም ካነሳሁት ልበለው፤ ለሞተ እንስሳ ክብር መስጠት ማንንም አላደኸየም። ማደን የማይወድ ሰውም ያንን ፎቶ ያያል።

ዛፍ ላይ የሚታሰረው፣ እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳው ካሜራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፎቶው ሥር ያለችውን ጥቁር መስመር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ የጨረቃዋ ሁኔታ፣ ከዚያ ጥግ ላይ የካሜራው ስም። ካሜራውን «ካሜራ 4» ያለ ሰው ደህና ነው። «ምንጩ ጀርባ» ብሎ የሰየመ ሰው ግን አድራሻውን በየፎቶው እየፈረመ ነው። አንዳንዱ ካሜራ የቦታውን ቁጥር ራሱን ያትማል። መስመሯን ከፎቶው ቁረጧት። በነገራችን ላይ እነዚህ ካሜራዎች በሁሉም ቦታ የተፈቀዱ አይደሉም፤ የአሜሪካዋ አሪዞና ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ለአደን እንዳይውሉ ከልክላለች። የቦታችሁን ሕግ አስቀድማችሁ አንብቡ።

መቼ ልለጥፍ ለምትሉ፣ ወቅቱ እስኪዘጋ ቆዩ። ትኩስ ፎቶ ማለት «እንስሳው አሁን እዚህ ነው» ማለት ነው። መቆየት ግን ሁሉንም አያድንም። ዳክዬ በየዓመቱ የሚያርፍበት ኩሬ ወቅቱ ቢዘጋም ኩሬ ነው፣ የከርከሮ ውኃ መጠጫም እግር የለውም። የሚዘዋወር መንጋ ከሆነ ወሬው ሲዘገይ ይሞታል፤ የማይንቀሳቀስ ቦታ ከሆነ ግን ከዓመት በኋላም ጀርባውን ደብቁ። አንድ ሌላም ነገር አለ። «ለአራት ቀን አደን ወጥቻለሁ» ብሎ ከጫካ መለጠፍ ቤቴ ባዶ ነው ብሎ መለፈፍ ነው፣ ያውም መሣሪያ ያለበት ቤት።

ሲጠይቋችሁ

ይጠይቋችኋል። ያልተዘጋጀ ሰው ደግሞ ወይ ይዘባርቃል ወይ ይዋሻል። አትዋሹ። የተሳሳተ አቅጣጫ ማመልከት የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ሰውዬውን የማያውቀው ገደል ላይ ወይም የሌላ አዳኝ የተኩስ አቅጣጫ ላይ ልትልኩት ትችላላችሁ። «ቦታውን አልናገርም፣ እንዴት እንዳገኘሁት ግን ልንገርህ» ማለት በቂ ነው። ብዙ ሰው አይቀየምም። ከዚያ በእውነት ንገሩት፦ ውኃው ከመኝታው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጠዋት ነፋሱ ወደየት እንደሚዞር፣ የትኛው ፍሬ ሲረግፍ እንደሚመጡ። ይህን የያዘ ሰው የራሱን ቦታ ያገኛል።

ጓደኛ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ከመኪና ከወረዳችሁ በኋላ አይደለም። «ይቺ ቦታ በእኔና ባንተ መሃል ናት፣ ሌላ ሰው ማምጣት ከፈለግክ ጠይቀኝ።» ትንሽ ያሳፍራል። ከዓመት በኋላ ከመኳረፍ ግን ይሻላል። ሌላ ሰው ያሳያችሁ ቦታ ከሆነ ደግሞ የእናንተ አይደለም፤ እሱ ሳይፈቅድ ለወንድማችሁም አትንገሩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አዲስ አዳኝ ማስተማር ስፈልግ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ቦታዬ ነው የምወስደው። ቢያወራ የማያስለቅሰኝ ቦታ። ካላወራ በቀጣዩ ዓመት ወደ ዋናው። ሸር የሚመስላችሁ ካለ፣ እሺ፣ ትንሽ ሸር ነው።

እግራችሁም ያወራል። ሁሌ አንድ ቦታ መኪና የሚያቆም ሰው ምንም ባይለጥፍ ያውቁበታል። ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ በተለያየ መንገድ ግቡ፣ ዛፍ ላይ ያሰራችሁትን ባለ ቀለም ጨርቅ ስትወጡ ሰብስቡ። ከጣላችሁት እንስሳ ያወጣችሁት አንጀት ላይ የሚዞረው አሞራም ከሩቅ ይታያል፤ የአካባቢው ሕግ ከፈቀደ ከመንገድ ወዲያ፣ ቁጥቋጦ ሥር አድርጉት።

ማወቅ ያለባቸው

አሁን ቅድም ወዳልኩት ልምጣ። ዝም የማይባልባቸው ሰዎች አሉ።

የመሬቱ ባለቤት አንዱ ነው። መቼ እንደምትገቡ፣ ምን እንደጣላችሁ ይወቅ። ስሙንና የእርሻውን ስም ግን የትም እንዳትጽፉ፤ ስልኩ መጮህ የጀመረ ቀን ፈቃዳችሁም ያበቃል።

ሁለተኛው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ነው። ሪፖርት ግዴታ በሆነበት ቦታ ትክክለኛውን ቁጥርና ትክክለኛውን ቦታ ስጡ፤ ኮታ የሚሰላው ከዚያ ነው። በሽታም አለ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የተባለው በሽታ ባለበት አገር የሞተ የዱር አሳማ ያየ አዳኝ ቦታውን ደብቆ ቢሄድ የሚጎዳው የአርቢውን በረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚታወቀው የአጋዘን አክሳሚ በሽታም የሚከታተሉት እንስሳው የተገደለበትን ቦታ እየመዘገቡ ነው። የግል ቦታ ማለት ከጠባቂ የተደበቀ ቦታ አይደለም። ያለ ፈቃድ የተገደለን እንስሳ መሸፈን ምስጢር ሳይሆን ወንጀል ነው፣ እዚህ ላይ የማወራው ስለዚያ አይደለም።

ትልቅ ቀንድ በክብረ ወሰን መዝገብ ማስመዝገብ የምትፈልጉ ካላችሁም አትፍሩ። እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተው፣ እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚይዘው የአሜሪካው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ቀንዱ 60 ቀን ደርቆ ካልተለካ አይቀበልም፤ ሲያትምም የሚጽፈው ስቴቱንና ካውንቲውን (በስቴቱ ሥር ያለውን ወረዳ) ነው እንጂ ትክክለኛውን ቦታ አይደለም። ልኬትን በዚህ መጠን ማካፈል ይቻላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሰው ሕይወታችሁን የሚያድነው ነው። ብቻውን የሚያድን ሰው ከዛፍ መቀመጫ ወድቆ እግሩ ቢሰበር፣ ቦታውን ማንም አያውቅም ማለት ማንም አይመጣም ማለት ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት ላይ መኪናዬን የማቆምበትን፣ የምገባበትን መንገድ፣ የምቀመጥበትን ቦታ ቁጥርና የምመለስበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ፖስታ ውስጥ አሽጌ ለእህቴ እሰጣታለሁ። በላዩ ላይ «እስከ ማታ 3 ሰዓት ካልደወልኩ ክፈቺው» ይላል። ስመለስ እንደታሸገ እቀበላታለሁ። እሷ አደን አትወድም፣ ለማንም አታወራም፣ ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ ሰው የለም።

ቦታችሁ ቀድሞውኑ ወጥቶ ከሆነስ? አትጣሉ። የሰው ካሜራ አትንቀሉ፣ ጎማ አታስተንፍሱ (አሳባችሁ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ የእኔም ሄዶ ነበር)። ሥራ ቀን ሂዱ፣ ወይም ሌላው ሰው ሲሰለች፣ ወቅቱ መጨረሻ ላይ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰዉ ራሱ አባራሪ እንዲሆንላችሁ ማድረግ ነው። መኪና የሚመጣው ሁሌ ከመንገዱ በኩል ነው፣ ስለዚህ እንስሳው የሚወጣው በሌላው በኩል ነው። ካርታ አውጥታችሁ ከመንገዱ ጀርባ ያለውን ጥሻ፣ ጠባቡን መሻገሪያ፣ ለመራመድ የሚያስጠላውን ዳገት ፈልጉ። ከብርሃን በፊት ደርሳችሁ ነፋሱን ጠብቃችሁ ተቀመጡ። የሌላው ሰው ተኩስ በሚያመራበት አቅጣጫ ግን ፈጽሞ አትሁኑ፤ መሃላችሁ ኮረብታ ይኑር።

ያን የተሰነጠቀ ዛፍ ለሦስቱ መኪኖች ከተውኩላቸው በኋላ ሁለት ወቅት እየተንከራተትኩ እንዲህ ያለ አንድ መሻገሪያ አገኘሁ። እነሱ በጠዋት ሲገቡ አጋዘኖቹ ቀስ እያሉ በእኔ በኩል ይወጣሉ። የት እንደሆነ ፖስታው ውስጥ ነው። እህቴ እስካሁን አንዴም አልከፈተችውም።