የእንቁጣጣሽ ካርድ ስትሠሩ አበባውን ከወረቀቱ አንሡት

ለእንቁጣጣሽ ከልጆች ጋር ካርድ የምትሠሩ ከሆነ አደይ አበባውን ሥላችሁ ብቻ አትተዉት። ከቢጫ ወረቀት ሁለት አበባ ቁረጡ፤ አንዱ 6፣ ሌላው 4 ሳንቲሜትር ስፋት ይኑረው። ትንሹን ትልቁ ላይ ስትለጥፉ የአበባ ቅጠሎቹ እንዳይደራረቡ ትንሽ አዙሩት፤ ኮላ መሃሉን ብቻ ይንካው። ከዚያ ቅጠሎቹን በእስክሪብቶ ጠቅለል እያደረጋችሁ ወደ ላይ አንሷቸው፣ ፍክት ይላሉ። ከሥሩ የጥፍር ያህል ካርቶን ለጥፋችሁ ካርዱ ላይ ብታስቀምጡት ደግሞ አበባው ጥላ ይጥላል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው!

ፈሳሽ ኮላ ሲበዛ ወረቀቱን ያጨማድደዋል፣ ጠብታ ይበቃል። ወፍራም ወረቀት ከማጠፋችሁ በፊት ደግሞ ማስመሪያ ይዛችሁ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን ብላችሁ አስምሩበት፤ እጥፋቱ ቀጥ ይላል።