ወደ ግራ ስንታጠፍ ቅድሚያ የማን ነው? መስቀለኛ መንገድ ላይ ሳይጋጩ እንዴት ይታጠፋል

ባጃጅም ንዱ ቪትዝም ንዱ ወደ ቀኝ መታጠፍ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው ያለው ግራ ላይ ነው፣ በቀኝ ስለምንነዳ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ከፊት የሚመጣውን መንገድ ቆርጦ ነው የሚገባው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ሁላችንም ደንቡን ሸምድደን እናልፋለን፣ ቡሬ ወይ ፍኖተ ሰላም መሀል ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ሲኖትራኩና ገበያተኛው አንድ ላይ ሲመጣ ግን የሸመደድነው ሁሉ ብን ይላል።

መጀመሪያ መስቀለኛውን የሚያዘው ማን እንደሆነ እዩ። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ በእጁ እያሳለፈ ከሆነ መብራቱንም ምልክቱንም እርሱት፣ እሱ ያለው ነው። ፖሊስ ከሌለ መብራቱ፣ መብራት ከሌለ (ወይ ኖሮም ከጠፋ፣ ያው የምናውቀው ነው) «ቁም» ወይ «ቅድሚያ ስጥ» የሚለው ምልክት። እሱም ከሌለ ቀድሞ የገባ ያልፋል፣ እኩል ከደረሳችሁ ከቀኝ የመጣው ያልፋል፣ ከጠጠር መንገድ ወደ ዋናው አስፋልት የሚወጣ ደሞ አስፋልቱ ላይ ያለውን ይጠብቃል። አደባባይ ላይ ግን ይቺን የቀኝ ነገር እንዳታመጧት፣ እዛ ቅድሚያ ያለው ውስጥ ሆኖ እየዞረ ያለው ነው፣ እሱ ደሞ የሚመጣባችሁ ከግራ ነው። ባህር ዳር ላይ ይሄን ገልብጦ የሚነዳ ሰው ሞልቷል፣ ልክ ብትሆኑም አትከራከሩት፣ ይለፍ።

ወደ ቀኝ፦ ፍሬቻ፣ ቀኝ ጥግ መያዝ፣ በቀኝ ስፖኪዮ ሳይክል አለመኖሩን ማየት፣ የምትገቡበትን መንገድ የሚሻገር እግረኛ ካለ ማሳለፍ። አለቀ። ባጃጅ ከሆነ ፍጥነት ቀንሱ፣ 3 እግር ስለሆነ በፍጥነት ሲታጠፍ ይገለበጣል።

አሁን ወደ ግራ። ፍሬቻውን ቀደም አድርጋችሁ አብሩና ቀስ እያላችሁ ወደ መሀል መስመሩ ተጠጉ። እዚህ ጋ ሰው የሚፈራው ከፊት የሚመጣውን ብቻ ነው፣ ከተማ ውስጥ ልክ ነው፣ ከማርቆስ ወደ ባህር ዳር በሚሄደው አስፋልት ላይ ግን ከኋላ ያለው አይሱዙ ነው ይበልጥ የሚያሰጋው። እናንተ ስትቀዘቅዙ እሱ ሊደርብ ይወጣል፣ የሚወጣው ደሞ በግራ፣ እናንተ በምትገቡበት በኩል። በዛ ላይ ረጅም መንገድ ላይ አንዳንድ የከባድ መኪና ሹፌሮች በፍሬቻ እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ የናንተን የግራ ፍሬቻ ሊታጠፍ ነው ብሎ የማይረዳ አለ። ስለዚ መሪውን ከመጠምዘዛችሁ በፊት ግራ ስፖኪዮ፣ ከዛ አንገት ዞር አድርጎ በዓይን ማየት። ስፖኪዮ ብቻ አይበቃም፣ ሞተር ሳይክል ይደብቃል።

ከፊት መኪና ካለ ትቆማላችሁ። ስትቆሙ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቁም! ብዙ ሰው ልግባ ልግባ እያለ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ነው የሚጠብቀው፣ ከኋላ አንዱ ፍሬን እምቢ ብሎት ትንሽ ቢገፋችሁ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በቀጥታ ከፊት ለሚመጣው ሲኖ ትቀርባላችሁ። ጎማው ቀጥ ካለ ግን ወደፊት ትገፋላችሁ፣ መከላከያው ይጎዳል እንጂ ሰው ይተርፋል።

መቼ ልግባ ለሚለው ሂሳቡን እዩት፦ በ60 የሚመጣ መኪና በ1 ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እናንተ ከቆማችሁበት ተነስታችሁ ተሻግራችሁ ለመውጣት 5 ሰከንድ ከፈጀባችሁ እሱ 85 ሜትር መጥቷል፣ ከኳስ ሜዳ ርዝመት ብዙም አያንስም። ክረምት ላይ እንጅባራ አካባቢ አስፋልቱ እርጥብ ሆኖ ጉም ሲወርድ ከዚህም በላይ ጨምሩበት፣ እሱም ፍሬን ቢይዝ ቶሎ አይቆምም። አይ ይደርሳል አይ አይደርስም ብላችሁ ካመነታችሁ አትግቡ፣ ሁለት ደቂቃ ብትቆሙ ምንም አይጎድልባችሁም፣ ከኋላ ያለው ክላክስ ይንፋ።

ሌላው ከፊት የሚመጣው ሹፌር የመኪናውን መብራት ብልጭ ሲያደርግላችሁ ነው። አንዱ «ግባ» ለማለት ያበራል፣ ሌላው «መጣሁ፣ እንዳትገባ» ለማለት ያበራል፣ መብራቱ ግን አንድ ነው። እኔ በግሌ ፍጥነቱን ካልቀነሰ እንዳላየሁ ነው የምቆጥረው። ከልቡ ቆሞ ቢያሳልፋችሁ እንኳ በጎኑ ሾልኮ የሚወጣ ባጃጅ አለ፣ አውቶቡሱ ቆሞላችሁ ባጃጁ ይገባባችኋል፣ ስለዚ የመኪናውን አፍንጫ ትንሽ አውጥታችሁ ከአውቶቡሱ ጎን ያለውን ካያችሁ በኋላ ነው የምትጨርሱት።

አረንጓዴ ስለበራ ግራ መታጠፊያው የናንተ ሆነ ማለትም አይደለም፣ የግራ ቀስት ካልሆነ በቀር ከፊት ቀጥ ብሎ የሚመጣው ይቀድማችኋል። ደሞ ከመነሳታችሁ በፊት የምትገቡበት መንገድ ዜብራ ላይ ሰው መኖሩን እዩ፣ ሳታዩ ከገባችሁ ለእግረኛው ስትቆሙ ጭራችሁ የሌላውን መንገድ ዘግቶ ይቀራል። የገበያ ቀን ደሞ እህል የጫነ አህያ ይኖራል፣ ለሱ ደንቡን የሚነግረው የለም፣ ጠብቁት።

ታጥፋችሁ ስትጨርሱ ፍሬቻውን አጥፉ። መኪና ላይ መሪው ሲመለስ ራሱ ይጠፋል፣ ባጃጅና ሞተር ላይ ግን በእጅ ነው የሚጠፋው፣ ስትረሱት ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ የቆመ ሹፌር ሊታጠፍ ነው ብሎ ፊታችሁ ይወጣል።